ነዳጅ የፈሰሰበትን አፈርና ውሃ በላቦራቶሪ ስለ መመርመር

ቡሪ በካርቱም ከተማ ምሥራቃዊ ክፍል፤ በጥቁር ዓባይ ዳር የሚገኝ ሰፈር ነው። ከጣና ባሕር የሚወርደው ውሃ ከነጭ ዓባይ ጋር ከመጋጠሙ አስቀድሞ በዚህ ሰፈር አጠገብ ያልፋል። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት በተነሣ ጊዜ ካርቱም ዋና የውጊያ ሥፍራ ሆነች፤ በጥር ወር 2017 ዓ.ም. ደግሞ ከከተማይቱ በስተ ሰሜን ባለው በጀይሊ የነዳጅ ማጣሪያ ላይ ታላቅ ቃጠሎ ደረሰ። ማጣሪያው በወንዙ መውረጃ በኩል ስለሆነ፤ ከእርሱ የሚፈሰው ዘይት በውሃ ወደ ቡሪ አይወጣም። የቡሪ ሰው ሊያስብበት የሚገባው በጎረቤቱ ተሰንጥቆ ወይም ዝጎ ስለ ቀረ ታንክ ነው። ከመጋቢት 2017 ዓ.ም. ወዲህ ወደ ካርቱም የተመለሰው ሕዝብ፤ የተዘጋ ጉድጓዱን ከፍቶ ከመጠጣቱና አትክልቱን ከማጠጣቱ በፊት የውሃውን ደኅንነት በምን ያውቃል?

ብዙ ሰው በአፍንጫው ይታመናል። ይሁን እንጂ በቤንዚን ውስጥ ካሉት ሁሉ የከፋው፤ ኬሚስቶች ቤንዞል የሚሉትና የደም ነቀርሳ የሚያመጣው ነገር፤ በአፍንጫ ከመታወቁ በፊት ጉዳት ሊያደርስ ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያመለከተው ወሰን በ1 ሊትር 0.01 ሚሊግራም ነው። ከመቶ አንድ እጅ ቤንዞል ያለበት 1 ሊትር ቤንዚን 8.8 ግራም ያህል ቤንዞል ይይዛል፤ ይህም ከ800,000 ሊትር የሚበልጥ ንጹሕ ውሃ እስከዚህ ወሰን ለማድረስ ይበቃል።

በውሃ ላይ የሚታየው የቀስተ ደመና ቀለምም ሁልጊዜ የነዳጅ ምልክት አይደለም። በእንጨት ሲነኩት እንደ ሸክላ ስብርባሪ ተቆራርጦ የሚቀር ከሆነ ብረት ካለበት ውሃ የመጣ ነው፤ ተመልሶ የሚጋጠም ከሆነ ግን ዘይት ነው። ይህን ማንም እረኛ ሊፈትነው ይችላል።

የላቦራቶሪ ምርመራ ከዚህ ሁሉ ይበልጣል፤ ነገር ግን ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ናሙናው ሲቀዳ ነው። ውሃውን በፕላስቲክ ጀሪካን ቀድቶ፤ ግማሹን ባዶ አድርጎ፤ በፀሐይ ተሸክሞ የሚሄድ ሰው ቤንዞሉን በመንገድ ያተነዋል፤ ከዚያም «ንጹሕ ነው» የሚል ወረቀት ተቀብሎ ይመለሳል። እንዲህ ያለው ወረቀት ከምርመራ ማጣት ይብሳል። ስለዚህ 40 ሚሊሊትር የሚይዝ የብርጭቆ ብልቃጥ፤ የአየር አረፋ እንዳይቀርበት እስከ አፉ ተሞልቶ፤ ጥቂት የሃይድሮክሎሪክ አሲድ ተጨምሮበት፤ በበረዶ ሣጥን ውስጥ በ4 ዲግሪ ያህል ይቀመጣል። ምርመራውም በ14 ቀን ውስጥ መፈጸም አለበት። ላቦራቶሪው ንጹሕ ውሃ የሞላበት ሌላ ብልቃጥ አብሮ ይልካል፤ ይህ ሳይከፈት ሄዶ ሲመለስ ነዳጅ ከተገኘበት፤ ያደፈው በመንገድ ነው ማለት ነው። ናሙና የሚቀዳው ሰው መኪናውን ነዳጅ ሞልቶ በዚያው እጁ ብልቃጥ መያዝ የለበትም።

አፈሩን በሚመለከት፤ ከላይ ብቻ መዛቅ አይጠቅምም። የኢትዮጵያ ገበሬ ዋልካ የሚለው ጥቁር አፈር በበጋ ሲሰነጠቅ ነዳጁ በስንጥቁ ወደ ታች ይገባል። ከምድር በታች ካለው ውሃ ሲደርስም ነዳጁ ቀላል ስለሆነ በላዩ ይንሳፈፋል፤ ቤንዞሉ ግን ይሟሟና ውሃው ወደሚሄድበት ይሄዳል። በወንዝ ዳር ያለ ጉድጓድ በሐምሌና በነሐሴ ሙላት ጊዜ ውሃው ከፍ ይላል፤ በበጋ ዝቅ ይላል፤ ዘይቱም አብሮ እየወጣና እየወረደ አፈሩን ይለቀልቃል። ስለዚህ ከታንኩ አጠገብ፤ ከታንኩ በታችና ውሃው ከሚመጣበት ወገን፤ ከየሥፍራው ለየብቻ ናሙና ይወሰዳል። ሦስተኛው ከሌለ ነዳጁ ከየት እንደ መጣ ለመናገር ያስቸግራል።

በላቦራቶሪው ጋዝ ክሮማቶግራፍ የሚባል መሣሪያ በነዳጁ ውስጥ ያሉትን ነገሮች እየለየ፤ ቀላሉን አስቀድሞ፤ ከባዱን አዘግይቶ ያወጣል። የቤንዚን ምልክት መጀመሪያ ላይ ይሰበሰባል፤ የናፍጣ ግን ኋላ ይመጣል። በዚህም የፈሰሰው ከመኪና ማደያ ይሁን ከሞተር ታንክ ለመገመት ይቻላል። ቀድሞ እርሳስ ያለበት ቤንዚን ይሸጥበት በነበረ ጋራዥ ዙሪያ አፈሩ ስለ እርሳስም ይመረመራል፤ ቤንዞል ሲተን እርሳስ በአፈሩ ውስጥ ይቀራልና።

ነዳጅ የተገኘበትን ውሃ ማፍላት መድኃኒት አይሆንም፤ እንፋሎቱ ቤንዞሉን ወደ ማድ ቤቱ አየር ያወጣዋል፤ የናፍጣው ከባድ ክፍል ደግሞ በድስቱ ይቀራል። እንዲህ ያለው ጉድጓድ ተከድኖ ውሃ ከሌላ ሥፍራ ይቀዳል፤ ምርመራውም አንድ ጊዜ በበጋ፤ አንድ ጊዜ ከሙላቱ በኋላ ይደገማል።