ወደ ኳንተም ሳይንስ መግቢያ፦ ለመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ የተዘጋጀ መመሪያ

«እኛ ግቢ ኳንተም የሚባል ትምህርት ክፍል የለም» ብሎ ገና ከጅምሩ ተስፋ የሚቆርጥ ተማሪ ብዙ ነው። በሌላው ዓለምም ቢሆን ይህ ትምህርት ክፍል ያላቸው ዩኒቨርሲቲዎች ጥቂት ናቸው። በሲድኒ የሚገኘው የኒው ሳውዝ ዌልስ ዩኒቨርሲቲ በዓለም የመጀመሪያው ያለውን የኳንተም ምህንድስና የመጀመሪያ ዲግሪ ይፋ ያደረገው እ.ኤ.አ. በ2020 ነው። በመስኩ የሚሠሩት ሰዎች በአብዛኛው ከፊዚክስ፣ ከኤሌክትሪካል ምህንድስና፣ ከሒሳብና ከኮምፒውተር ሳይንስ የመጡ ናቸው። ስለዚህ ከእነዚህ በአንዱ ውስጥ ካላችሁ ትምህርት ክፍል መቀየር አያስፈልጋችሁም። ወሳኙ ነገር ሁለተኛና ሦስተኛ ዓመት ላይ የምትሠሩት ነው።

መጀመሪያ ሊኒየር አልጀብራን አጥብቁ። ኪዩቢት፣ ማለትም የኳንተም ኮምፒውተር መሠረታዊ የመረጃ አሃድ፣ በሒሳብ ቋንቋ ሁለት ኮምፕሌክስ ቁጥሮችን የያዘ ቬክተር ነው፤ በአንድ ኪዩቢት ላይ የሚሠራ ጌት (ኪዩቢቱን የሚለውጥ ኦፕሬሽን) ደግሞ ሁለት በሁለት የሆነ ማትሪክስ ነው። ማትሪክስ ማባዛት፣ አይገንቫልዩና ቴንሰር ፕሮዳክት በደንብ ከገባችሁ የኳንተም ኮምፒውቲንግ መግቢያ አያስደነግጣችሁም። ኮርሱን ለፈተና ብቻ ሸምድዳችሁ አልፋችሁ ከሆነ ግን ተመልሳችሁ ሥሩት። የኤምአይቲው ጊልበርት ስትራንግ የሰጧቸው ትምህርቶች በነፃ ስለሚገኙ ኢንተርኔት ደህና በሆነበት ሰዓት አውርዳችሁ ማስቀመጥ ትችላላችሁ። ጎን ለጎን ፓይተን ተማሩ።

ቀጥሎ ኪስኪትን ጫኑ። አይቢኤም ለኳንተም ፕሮግራም መጻፊያ በነፃ የለቀቀው ሶፍትዌር ነው። በሲሙሌተር ለመጀመር ያረጀ ላፕቶፕም ይበቃል፦ የ20 ኪዩቢት ሁኔታን ለመያዝ 16 ሜጋባይት ገደማ ሜሞሪ ብቻ ይፈልጋል። 30 ኪዩቢት ሲሆን ግን 16 ጊጋባይት ይጠይቃል፤ አንድ ኪዩቢት በተጨመረ ቁጥር መጠኑ እጥፍ ይሆናልና። እውነተኛ የኳንተም ማሽን ለመሥራት ያን ያህል የሚደከመው በዚህም ምክንያት ነው።

የመጀመሪያ ሥራችሁ ይህ ይሁን። ሁለት ኪዩቢት ውሰዱ፤ በአንደኛው ላይ ሃዳማርድ ጌት (ኪዩቢቱን የ0 እና የ1 እኩል ድብልቅ የሚያደርገውን)፣ ከዚያ በሁለቱ ላይ ሲኖት ጌት (የመጀመሪያው 1 ሲሆን ሁለተኛውን የሚገለብጠውን) አድርጉና 1024 ጊዜ ለኩ። በሲሙሌተር ግማሽ ያህሉ 00፣ ግማሽ ያህሉ 11 ይወጣል፤ 01 እና 10 ጨርሶ አይታዩም። አሁን ያንኑ ሰርኪት ወደ እውነተኛው ማሽን ላኩት። አይቢኤም በነፃ አገልግሎቱ በየ28 ቀኑ እስከ 10 ደቂቃ የማሽን ጊዜ ይሰጣል፤ ለዚህ ዓይነት ሥራ ብዙ ነው። ውጤቱ ሲመጣ ጥቂት 01 እና 10 ታገኛላችሁ። እነዚህ በጌቶቹ፣ በአለካኩና ኪዩቢቱ ከአካባቢው ጋር በመነካካቱ የሚፈጠሩ ስህተቶች ናቸው። በእኔ እምነት ትምህርቱ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

እዚያ ላይ አትቁሙ። ከመጀመሪያው ሲኖት በኋላ ተጨማሪ ሲኖቶችን ጥንድ ጥንድ እያደረጋችሁ አስገቡ። ሁለት ሲኖት ተከታትሎ ሲመጣ እርስ በርሱ ስለሚጣፋ በንድፈ ሐሳብ ውጤቱ መለወጥ የለበትም፤ በማሽኑ ላይ ግን ጥንዱ ሲበዛ ስህተቱ ያድጋል። በየሲኖቱ መካከል «ባሪየር» የሚባለውን ትእዛዝ ማስገባት አትርሱ፤ አለዚያ ሶፍትዌሩ ራሱ ትርፍ ናቸው ብሎ ሊሰርዛቸው ይችላል። የጥንዶቹን ብዛትና የስህተቱን መጠን በግራፍ አሳዩ፣ ያያችሁትን በሁለት ገጽ ጻፉ፣ ኮዱን ጊትሃብ ላይ አስቀምጡ። አሥር የኦንላይን ሰርተፍኬት ከመሰብሰብ ይህች ሁለት ገጽ ትበልጣለች፤ ለምርምር ኢንተርንሺፕ ስታመለክቱ ተቀባዩ ተመራማሪ ስለ እርሷ ሲጠይቃችሁ የምትመልሱት የራሳችሁ ነገር አላችሁና።

ሦስተኛው እርምጃ አማካሪ መፈለግ ነው፤ እርሱም ከምታስቡት በላይ ቅርብ ሊሆን ይችላል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ ትምህርት ክፍል ኳንተም ኦፕቲክስ ለረጅም ዓመታት ተጠንቷል፤ እዚያ ያስተማሩት ፍስሃ ካሳሁን በዘርፉ በእንግሊዝኛ የመማሪያ መጽሐፍ አሳትመዋል። በዚህ ዘርፍ የሠለጠኑ መምህራን በክልል ዩኒቨርሲቲዎችም ያስተምራሉ። የፊዚክስ ትምህርት ክፍላችሁ ሄዳችሁ መምህራኑ የመመረቂያ ጽሑፋቸውን በምን ላይ እንደሠሩ ጠይቁ። ከዚያም ሁለት ገጿን ይዛችሁ ቢሯቸውን አንኳኩ። የመመረቂያ ፕሮጀክታችሁን ከእነርሱ ጋር መሥራት ከቻላችሁ የድጋፍ ደብዳቤያችሁም በደንብ ከሚያውቃችሁ ሰው ይመጣል።

አሁን ወደ ውጭ ዕድሎቹ። ስለ አንድ ፕሮግራም ከመጓጓታችሁ በፊት የዜግነት መስፈርቱን አንብቡ። በአሜሪካ የብሔራዊ ሳይንስ ፋውንዴሽን በገንዘብ የሚደግፋቸው የክረምት የምርምር ፕሮግራሞች አበል ይከፍላሉ፤ የሚቀበሉት ግን የአሜሪካ ዜጎችንና ቋሚ ነዋሪዎችን ነው። በዲቪ ሄዶ ኮሙኒቲ ኮሌጅ የሚማር ልጅ ግሪን ካርዱ ያበቃዋል፤ በተማሪ ቪዛ ያለው አይችልም። ዋሽንግተን አካባቢ ያላችሁ ደግሞ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲን አትለፉት፤ አይቢኤም ከጥቁር አሜሪካውያን ዩኒቨርሲቲዎች ጋር እ.ኤ.አ. በ2020 የመሠረተውን የኳንተም ማዕከል የሚመራው እርሱ ነው።

ከኢትዮጵያ ለሚያመለክት ሦስት ቦታ እመርጣለሁ። የጃፓኑ የኦኪናዋ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ተቋም ለማንኛውም አገር ተማሪ ክፍት የሆነ የምርምር ኢንተርንሺፕ አለው፤ የአውሮፕላን ቲኬት፣ መኖሪያና አበል ይሸፍናል። ማመልከቻ በዓመት ሁለት ጊዜ ይቀበላል፤ የምትሄዱበትን ወቅት መምረጥም ስለሚቻል ለእኛ የትምህርት ካላንደር ይመቻል። የኦስትሪያው የሳይንስና ቴክኖሎጂ ተቋም የክረምት ኢንተርንሺፕም ለማንኛውም አገር ዜጋ ክፍት ሲሆን ለተማሪው ይከፍላል። በካናዳ የዋተርሉ ዩኒቨርሲቲ የኳንተም ኮምፒውቲንግ ተቋም የሚሰጠው የሁለት ሳምንት የክረምት ትምህርት ከንግግር ባሻገር ተማሪውን ላቦራቶሪ ያስገባል። ጊዜው ግን በግንቦት መጨረሻና በሰኔ መጀመሪያ ስለሆነ ከማጠቃለያ ፈተና ጋር ሊጋጭ ይችላል፤ ስለ ፈተናው ከትምህርት ክፍላችሁ ጋር ቀድማችሁ ተነጋገሩ። ከተመረቃችሁ በኋላ ደግሞ ከታዳጊ አገሮች ለሚመጡ ተማሪዎች ሙሉ ወጪያቸውን ሸፍኖ የአንድ ዓመት ዲፕሎማ የሚያስተምረው በጣሊያን ትሪየስተ ያለው ዓለም አቀፍ የንድፈ ሐሳባዊ ፊዚክስ ማዕከል አለ።

ብዙዎቹ የክረምት ማመልከቻዎች የሚዘጉት ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ነው። ስለዚህ ፓስፖርት፣ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ትራንስክሪፕትና ሁለት የድጋፍ ደብዳቤ እስከ ኅዳር መጨረሻ በእጃችሁ ይግቡ። መምህሩን ደብዳቤ ስትጠይቁ ቢያንስ የአንድ ወር ጊዜ ስጧቸው። በማመልከቻ ጽሑፋችሁ ላይም «ከልጅነቴ ጀምሮ ሳይንስ እወዳለሁ» ብላችሁ አትጀምሩ፤ በሁለተኛው አንቀጽ ሳይሆን በመጀመሪያው መስመር ላይ ሲኖቶቹን ስትደራርቡ ምን እንዳያችሁ ጻፉ።

ዘንድሮ ሁለተኛ ዓመት ያላችሁ ለሚቀጥለው ክረምት ለመድረስ በቂ ጊዜ አላችሁ። የሁለት ኪዩቢቷን ሰርኪት በዚህ ሳምንት ሥሯት።