በሽተኛን ማስተኛት ብቻውን ማስታመም አይደለም

የታመመ ሰው ዕረፍት እንዲያገኝ ማድረግ በየቤታችን ከጥንት ጀምሮ የኖረ ልማድ ነው። አባት ወይም እናት ሲታመሙ ልጆች አልጋውን ያነጥፋሉ፤ ጋቢውንና ቡሉኮውን ይደርባሉ፤ መስኮቱን ይዘጋሉ፤ በሽተኛው ጥቂት ቀና ለማለት ሲሞክርም «ኧረ ይተኙ፤ አይድከሙ» እያሉ ይመልሱታል። ይህ ሁሉ ከፍቅር የመጣ ስለ ሆነ ማንም ሊነቅፈው አይገባም። ነገር ግን ሰውነት ሳይንቀሳቀስ ብዙ ቀን ሲተኛ፣ አእምሮም በፍርሀትና በጭንቀት ሲያዝ፣ ከመጀመሪያው በሽታ የተለየ ሌላ ጉዳት ቀስ በቀስ መጀመሩን የሚያስተውል ቤተ ሰብ ጥቂት ነው። በዚህ ወር ትምህርታችን ይህ ጉዳት እንዴት እንደሚመጣና በቤት ውስጥ እንዴት ሊከለከል እንደሚችል እንመለከታለን።

ለምሳሌ ያህል ዕድሜያቸው 70 ዓመት የሆነ አንድ አባት የሳንባ ምች ያዛቸው እንበል። መድኀኒት ታዘዘላቸው፤ በሳምንቱም ትኩሳቱ በረደ፤ ሳሉም ቀነሰ። ቤተ ሰቡ ግን «እስኪጠነክሩ ድረስ» እያለ ሦስት ሳምንት ሙሉ ከአልጋ ሳያስነሣቸው ቈየ። በመጨረሻ ሊነሡ ሲሞክሩ ጕልበታቸው ከዳቸው፤ ዐይናቸውም ጨለመባቸው። ገላቸውን ሲያጥቧቸው ደግሞ ከወገባቸው በታች፣ በጅራት ዐጥንታቸው ላይ፣ የጠቈረ ቁስል ተገኘ። ጠያቂው ሁሉ «በሽታው አገረሸባቸው» አለ። በሽታውስ ለቋቸው ነበር፤ አሁን የያዛቸው አልጋው ነው።

እንዲህ ያለው ስሕተት የእኛ አገር ብቻ አይደለም። በአውሮፓና በአሜሪካ እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ድረስ ሐኪሞች ራሳቸው የወለደችን ሴት፣ ኦፕራሲዮን የተደረገን ሰው፣ ልቡን የታመመን ሰው ለብዙ ቀን፣ አንዳንዴም ለብዙ ሳምንት፣ ከአልጋ እንዳይነሣ ያዝዙ ነበር። በ1947 ሪቻርድ አሸር የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ስለ አልጋ አደገኛነት በአገሩ የሕክምና መጽሔት ላይ ጽፎ የሙያ ጓደኞቹን አስጠነቀቀ። (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።) ከእርሱም ጥቂት ቀደም ብሎ፣ በ1944፣ ዶክተር ሉድቪግ ጉትማን በእንግሊዝ አገር በስቶክ ማንዴቪል ሆስፒታል በጦርነት አከርካሪያቸው ተጎድቶ ሽባ የሆኑ ወታደሮችን የሚያክም ክፍል ይመራ ጀመር። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ጉዳት የደረሰበትን ሰው ብዙውን ጊዜ የሚገድለው የአከርካሪው ጉዳት ራሱ ሳይሆን የአልጋ ቁስልና የሽንት አካላት መመረዝ ነበር። ጉትማን በሽተኞቹ ቀንም ሌሊትም በየሁለት ሰዓቱ እንዲገላበጡ አደረገ፤ ከዚያም ሥራና ጨዋታ ሰጣቸው። በ1948 በዚያው ሆስፒታል ግቢ 16 ጉዳተኞች በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጠው በቀስት ተወዳደሩ። ዛሬ ዓለም የሚያውቀው የፓራሊምፒክ ጨዋታ የተወለደው ከዚህ ነው። የመጀመሪያው እርምጃ ግን ውድድር አልነበረም፤ ሰውን ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው ጎን ማዞር ነበር።

አሁን ወደ ሰውነት አሠራር እንመለስ። ጡንቻ የሚኖረው በሥራ ነው። ሥራ ሲያጣ ሰውነቱ «አያስፈልግም» ብሎ የፈረደበት ይመስል መሟሸሽ ይጀምራል፤ ይህም ለመታየት ወራት አያስፈልገውም፤ በጥቂት ቀናት ውስጥ ነው። በ1966 በአሜሪካ በዳላስ ከተማ አምስት ጤነኛ ወጣቶች ለሦስት ሳምንት ያህል በፈቃዳቸው አልጋ ላይ እንዲቈዩ ተደረገ። ሲነሡ ከባድ ሥራ ለመሥራት ያላቸው ዐቅም ከሩብ በላይ ቀንሶ ተገኘ። እነዚሁ ሰዎች ከ30 ዓመት በኋላ እንደ ገና ሲመረመሩ፣ የሦስቱ ሳምንት አልጋ ዐቅማቸውን የጎዳው የሠላሳው ዓመት ዕድሜ ከጎዳው ይበልጥ እንደ ነበር ታወቀ። ለሽማግሌዎች ነገሩ የባሰ ነው፤ በ2007 በወጣ ጥናት ጤነኞች የነበሩ አረጋውያን 10 ቀን ብቻ ተኝተው ከእግሮቻቸው ወደ 1 ኪሎ ግራም የሚጠጋ ሥጋ አጥተዋል። እነዚህ ሁሉ ምንም በሽታ ያልነበረባቸው ሰዎች መሆናቸውን አንባቢው ልብ ይበል።

ዐጥንትም ክብደት ካልተሸከመ ካልሲየሙን ለደም ይለቃል፤ ካልሲየሙ በኩላሊት በኩል ሲወጣ ጠጠር ሊፈጥር ይችላል። አንጀት ይሰንፋል፤ ድርቀትም ይመጣል። በሳንባ ታችኛው ክፍል አክታ ይጠራቀማል፤ ስለዚህ በሽተኛው በቀን ብዙ ጊዜ ተደግፎ ቢቀመጥና በረጅሙ ቢተነፍስ ይጠቅመዋል። ብዙ ቀን ተኝቶ በድንገት ሲቆም ደሙ ወደ እግሩ ስለሚወርድ ራሱን ይስታል፤ አስቀድሞ አልጋው ጫፍ ላይ እግሩን አውርዶ ጥቂት ደቂቃ መቀመጥ አለበት።

በእግር የደም ሥር ውስጥ ስለሚረጋ ደም ግን ለብቻ መናገር ያስፈልጋል። ወደ ልብ የሚመለሰውን ደም ወደ ላይ የሚገፋው በአብዛኛው የባት ጡንቻ ነው። ባት ሳይንቀሳቀስ ሲቀር ደሙ ይዘገያል፤ ሊረጋም ይችላል። ምልክቱ የአንድ እግር ብቻ ማበጥ፣ መሞቅና ማመም ነው። በዚህ ጊዜ ብዙ ቤተ ሰብ ቅቤ አምጥቶ እግሩን ማሸት ይጀምራል ወይም ወጌሻ ይጠራል። ይህ ፈጽሞ መደረግ የለበትም። የረጋው ደም ተፈንቅሎ ወደ ሳንባ ሊሄድና በደቂቃዎች ውስጥ ሊገድል ይችላልና በሽተኛው ሳይታሽ በፍጥነት ወደ ሐኪም ቤት ይወሰድ። ድንገተኛ የትንፋሽ ማጠርና የደረት ውጋትም እንዲሁ ለነገ የማይባል ነው።

ወደ አልጋ ቁስል እንለፍ። መምህራን ይህን ትምህርት ያለ ምንም መሣሪያ በክፍል ውስጥ ሊያሳዩት ይችላሉ። ተማሪው በአንድ እጁ አውራ ጣት የሌላውን እጅ ጥፍር ይጫን፤ ከጥፍሩ ሥር ያለው ሥጋ ወዲያው ይነጣል። ሲለቀው በሁለት ሰኮንድ ያህል ጊዜ ውስጥ ደሙ ይመለሳል። የተኛ ሰው ሥጋም በዐጥንቱና በአልጋው መካከል እንዲሁ ተጨምቆ ደም ያጣል፤ ልዩነቱ ጣቱን የሚያነሣለት አለመኖሩ ነው። ጤነኛ ሰው በእንቅልፉም ውስጥ ሳያውቀው ይገላበጣል። የደከመ ግን አይችልም፤ ሰዓቱ ሲረዝምም ሥጋው ከውስጥ፣ ከዐጥንቱ አጠገብ፣ መሞት ይጀምራል። ላይኛው ቆዳ ሲቀደድ ያየነው ጉድጓድ እንግዲህ ብዙ ጊዜ ከውስጥ የቈየ ነው።

የውጭ አገር መጻሕፍት የዚህ ቁስል የመጀመሪያ ምልክት መቅላት ነው ይላሉ። በጠይምና በጥቁር ቆዳ ላይ ግን ይህ መቅላት ብዙ ጊዜ አይታይም። ቦታው ከአካባቢው ይልቅ ጠቈር ይላል ወይም ወደ ወይን ጠጅ ቀለም ያደላል፤ በእጅ ሲዳሰስ ይሞቃል ወይም ይቀዘቅዛል፤ ጠጠር ወይም ለስለስ ይላል፤ በሽተኛውም እዚያ ላይ ያመኛል ይላል። ስለዚህ አስታማሚ በዐይኑ ብቻ ሳይሆን በእጁም ይመርምር። በየቀኑ የሚታዩት ቦታዎች የጅራት ዐጥንት፣ ተረከዝ፣ የዳሌ ጎን፣ ቍርጭምጭሚት፣ ክርን፣ የትከሻ አጥቅና የራስ ኋላ ናቸው።

የጠቈረውን ቦታ ማሸት አይገባም፤ የተጎዳውን ሥጋ ይብስ ይጎዳዋልና። ከጨርቅ የተጠቀለለ ቀለበት ከሥሩ ማድረግም በዙሪያው ያለውን ደም ስለሚያግድ አይጠቅምም። በጠፍር አልጋ ወይም በመደብ ላይ የሚተኛ በሽተኛ ወፍራም ፍራሽ ይነጠፍለት፤ የተጨማደደ ጋቢና የዳቦ ፍርፋሪ ከሥሩ ይወገድ። ሽንት ያረጠበው ልብስ ሳይቈይ ይለወጥ፤ ቆዳው በለብታ ውሃ ታጥቦ ሳይፈተግ ይድረቅ። በጎን ሲተኛ ሙሉ በሙሉ በዳሌው ዐጥንት ላይ ሳይሆን ከጀርባው ትራስ ተደግፎ በመጠኑ ብቻ ያዘንብል። ተረከዙ በአየር ላይ እንዲቀር ከባቱ ሥር ትራስ ይደረግ። ሲያዞሩትም ሁለት ሰዎች ያንሡት እንጂ በአንሶላው ላይ አይጎትቱት።

እስካሁን ስለ ሥጋ ተናገርን። ጭንቀት ግን የአእምሮ ነገር ብቻ ነው ብሎ የሚያስብ አንባቢ ይኖራል። በ1936 በካናዳ አገር በሞንትሪያል የሚሠራው ሐንስ ሴልዬ አይጦችን በብርድ፣ በቁስል፣ በድካምና በመርዝ አስጨንቆ ሲመረምር፣ ምክንያቱ ልዩ ልዩ ሳለ በሰውነታቸው ውስጥ የሆነው ግን አንድ ዐይነት ሆኖ አገኘው። ከኩላሊት በላይ የሚገኙት ዕጢዎች አብጠው፣ በሽታን ከሚከላከሉት አካላት አንዱ የሆነው የደረት ዕጢ ተሟሽሾ፣ ጨጓራው ቈስሎ ነበር። በሰውም ዘንድ እነዚያው ዕጢዎች በፍርሀት ጊዜ አድሬናሊንና ኮርቲሶል የተባሉትን ንጥረ ነገሮች ወደ ደም ይልካሉ። ልብ ይመታል፤ የደም ግፊት ይጨምራል፤ ስኳር በደም ውስጥ ከፍ ይላል። ይህ ለሚሸሽ ወይም ለሚታገል ሰው መልካም ነው። አልጋ ላይ ያለ ሰው ግን ወዴት ይሸሻል? ኮርቲሶሉ ለብዙ ቀን ከፍ ብሎ ሲቈይ የጡንቻን ሥጋ ያፈርሳል፤ ቁስል የሚጠግነውንም ኀይል ያዳክማል።

ሁለቱ ነገሮች የሚገናኙት እዚህ ላይ ነው። በ1999 በወጣ ጥናት ጤነኛ ሰዎች ከመተኛታቸው በፊትና ብዙ ቀን ከተኙ በኋላ ኮርቲሶል ተሰጥቷቸው ነበር፤ ከተኙ በኋላ የተሰጣቸው ጊዜ የጡንቻው መፍረስ በዝቶ ተገኘ። እንግዲህ የሚፈራና የማይንቀሳቀስ በሽተኛ አንዱ ጉዳት በሌላው ላይ እየተደረበበት በፍጥነት ይመነምናል ማለት ነው።

በሽተኛን የሚያስጨንቀው ምንድን ነው? ሕመም ዋናው ነው፤ የታዘዘ ማስታገሻ በሰዓቱ ይሰጠው። ነገር ግን እኛ ጤነኞቹ ሳናውቅ የምናመጣበት ጭንቀትም ቀላል አይደለም። በበሩ አጠገብ ቆሞ ማንሾካሾክ አንዱ ነው፤ የሚያንሾካሾኩትን የማይሰማ በሽተኛ የባሰውን ይገምታል። የጠያቂ ብዛትና ያዘነ ፊት ሌላው ነው። ሳይነግሩት ድንገት ገልብጦ መግለጥም እንደዚሁ፤ «አባባ፣ አሁን ወደ ግድግዳው ልናዞርዎት ነው፤ እጅዎን በእኔ ትከሻ ላይ ያድርጉ» ቢባሉ አይደነግጡም፤ በገዛ ዐቅማቸውም ይረዳሉ። ብዙ ጊዜ የማይታየው ግን እፍረት ነው። በልጆቻቸው እጅ መጸዳዳት የሚያሳፍራቸው ሽማግሌዎች ሽንት እንዳይመጣ ብለው ውሃ መጠጣት ይተዋሉ። ውሃ ሲያጡ አንጀታቸው ይደርቃል፤ ሽንታቸው ይወፍራል፤ ደማቸውም ለመርጋት ይቀርባል። መጋረጃ መሰቀሉና የሚያጸዳቸው ሰው እርሳቸው የመረጡት መሆኑ ስለዚህ የይሉኝታ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የሕክምና ጉዳይም ነው።

አስታማሚዋም ሰው ናት። በአሜሪካ በኦሃዮ ተደርጎ በ1995 የታተመ ጥናት አእምሯቸው የደከመ ዘመዶቻቸውን ያስታምሙ የነበሩ 13 ሴቶችንና እንዲህ ያለ ሸክም የሌለባቸውን 13 ሴቶች አነጻጽሮ ነበር። በክንዳቸው ላይ እኩል የሆነ ትንሽ ቁስል ተደርጎ ሲጠበቅ፣ የአስታማሚዎቹ ቁስል ለመዳን በአማካይ 9 ቀን ያህል ዘገየ። በየቤታችን ሸክሙ ሁሉ በአንዲት ልጅ ወይም በአንዲት ምራት ላይ ሲወድቅ እናያለን፤ ሌሎቹ ብርቱካን ይዘው መጥተው ጠይቀው ይሄዳሉ። ብርቱካኑ ይምጣ፤ አንድ ሌሊት ተቀብሎ ማደር ግን ይበልጣል።

ሰውን ሁሉ ዛሬውኑ አስነሥቶ ማስሮጥ አለብን ማለታችን አይደለም። አከርካሪው ወይም ጭኑ የተሰበረ፣ ደሙ የፈሰሰ፣ ገና ራሱን ያላወቀ ሰው ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይነሣም። በ2015 የወጣ ከ2,000 በላይ በሽተኞች የተሳተፉበት ጥናት እንዳሳየው፣ በአንጎል ደም ሥር ሕመም የተመቱ ሰዎች በመጀመሪያው ቀን ብዙና ተደጋጋሚ እንቅስቃሴ ቢደረግባቸው በመጠኑ ከጀመሩት ይልቅ የባሰ ውጤት ነበራቸው። ሐኪሙን «መቼ ይቀመጥ? መቼ ይቁም?» ብሎ መጠየቅ የቤተ ሰቡ ፈንታ ነው፤ መልሱም «ገና ነው» ከሆነ መገላበጡና የእጅና የእግር ጣቶችን ማንቀሳቀሱ አልጋ ላይ ሊደረግ እንደሚችል አብሮ ይጠየቅ።

ለመገላበጡ አንድ ወረቀት በግድግዳ ላይ ይለጠፍ። ከጠዋቱ 12 ሰዓት በግራ ጎን፣ በ2 ሰዓት በጀርባ፣ በ4 ሰዓት በቀኝ ጎን እያሉ ሰዓቱንና ያዞረውን ሰው ስም መጻፍ ነው፤ ትምህርት ቤት የሚሄድ ልጅ ይህን ሊይዝ ይችላል። በመኝታ ሰዓት ግን አስታማሚዋ በየሁለት ሰዓቱ መነሣት ላይሆንላት ይችላል። በ2013 በአሜሪካና በካናዳ የአረጋውያን መጦሪያ ቤቶች በተደረገ ጥናት ጥቅጥቅ ባለ ጥሩ የስፖንጅ ፍራሽ ላይ የተኙ ሰዎች በየሁለት፣ በየሦስት ወይም በየአራት ሰዓት ቢገላበጡ በቁስሉ ብዛት ልዩነት አልታየም። ስለዚህ ፍራሹ እንዲህ ያለ ከሆነና ጠዋት ሲዳሰስ ቆዳው ያልተለወጠ ከሆነ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት አዙራው እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት ድረስ መተኛት ትችላለች።