የሙያ ትምህርት፦ አሥሩን ከመገጣጠም በፊት አንዱን መፈተሽ

አሥር የፀሐይ መብራት ስንገጣጥም በመጀመሪያው ላይ ያለፈ ስህተት በአሥሩም ላይ ይደገማል። ስለዚህ የመጀመሪያውን ሳንፈትሽ ሁለተኛውን አንጀምር።

1. ብየዳውን ተመልከቱ። ቆርቆሮና እርሳስ ያለው 60/40 ሊድ በደንብ ሲይዝ ያብለጨልጫል፤ የሽቦውን ዙሪያም ይሸፍናል። ደብዝዞ እንደ ጠብታ ከተድቦለቦለ እንደገና ይሞቅ።

2. የኤሌክትሮላይቲክ ካፓሲተር ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ እንዳይገለበጥ ተጠንቀቁ፤ ከተገለበጠ ሊፈነዳ ይችላል።

3. ባትሪ ከማገናኘታችሁ በፊት ሾርት አለመኖሩን በቴስተር አረጋግጡ።

4. መብራቱን አብርታችሁ አሳድሩት።

ከሁለተኛው ጀምሮም እያንዳንዱ በዚሁ ቅደም ተከተል ይፈተሽ። እርሳስ መርዝ ስለሆነ ከሥራ በኋላ እጃችሁን በሳሙና ሳትታጠቡ ምግብ አትንኩ።

መብራቱን የሚገዛው ሰው ውስጡን አይቶ አያውቅም፤ በጨለማ የሚተማመነው በእኛ ፍተሻ ነው።