የፊዚክስ ዲግሪ፤ ዕዳውና ደመወዙ ሲመዛዘኑ

በእንግሊዝ አገር የምንማር ኢትዮጵያውያን በተሰበሰብንበት ሁሉ ደጋግሞ የሚነሣ ጥያቄ አለ። ፊዚክስ መማር የሚወዱ ወንድሞችና እህቶች የዕዳውን መጠን ሲሰሙ ይደነግጣሉ፤ ወላጆችም ብድርን እንደ ነውር ስለሚቆጥሩት «ዕዳ ከሜዳ» ይላሉ። ምንም እንኳ እኛ የአርትስ ፋኩልቲ ተማሪዎች ብንሆን ሒሳቡ ከመደመርና ከማባዛት አያልፍምና፣ ለመንግሥት ብድር የሚበቁትን ጓደኞቻችንን በማሰብ እስቲ በዝርዝር እንመልከተው። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ የዕዳው መጠን። በ2025 በተጀመረው የትምህርት ዘመን የአንድ ዓመት የትምህርት ክፍያ ከፍተኛው 9,535 ፓውንድ ነበር። በዚህ ስሌት የሦስት ዓመቱ 28,605 ይሆናል። ለምግብና ለቤት ኪራይ በዓመት 10,000 ፓውንድ ተበድረናል እንበል፤ ጠቅላላው 58,605 ፓውንድ ይደርሳል። ፊዚክስን አራት ዓመት ተምሮ የማስተር ማዕረግ የሚያገኝ ደግሞ 78,140 ፓውንድ ዕዳ ይዞ ይወጣል። የሚያስደነግጠው ይህ ቁጥር ነው።

በሁለተኛ ደረጃ የአከፋፈሉ ሥርዓት። ከኦገስት 2023 ወዲህ ትምህርት የጀመረ ተማሪ የሚከፍለው እንደ ዕዳው ብዛት ሳይሆን እንደ ደመወዙ ነው። ይኸውም ከወለሉ በላይ ከሚያገኘው ገንዘብ ከመቶ 9 እጅ ነው፤ ወለሉም እስከ ኤፕሪል 2027 ድረስ 25,000 ፓውንድ እንዲሆን ተወስኗል። ስለዚህ 24,000 የሚያገኝ ምንም አይከፍልም። 30,000 የሚያገኝ በዓመት 450፣ 40,000 የሚያገኝ 1,350 ፓውንድ ይከፍላል። ዕዳው 58,000ም ይሁን 78,000 የወር ክፍያው ያው ነው፤ የሚለያየው የሚከፈልበት ዘመን ርዝመት ነው። ከ40 ዓመት በኋላም የቀረው ዕዳ ይሰረዛል።

ወለዱስ? ወለዱ ከችርቻሮ ዋጋ ጭማሪ ጋራ እኩል እንዲሆን ተደንግጓል። ለምሳሌ ወለዱ ከመቶ 3 ቢሆን በ58,605 ፓውንድ ላይ በዓመት 1,758 ይጨመራል። ስለዚህ 40,000 የሚያገኘው ሰው 1,350 እየከፈለ እንኳ የዕዳው ቁጥር ሲያድግ ያያል። ነገር ግን ያደገው ቁጥሩ እንጂ የዕቃ መግዣ አቅሙ አይደለም፤ ዳቦውም ኪራዩም በዚያው ልክ ተወድዷልና።

ብዙዎቻችን የምንዘነጋው ሦስተኛው ነገር በትምህርት ዘመን የሚቀርብን ደመወዝ ነው። በኤፕሪል 2025 ከ18 እስከ 20 ዓመት ላለ ሠራተኛ የተደነገገው ዝቅተኛ ክፍያ በሰዓት 10 ፓውንድ ነበር። በሳምንት 37 ሰዓት ተኩል የሚሠራ ወጣት በዓመት 19,500፣ በሦስት ዓመት 58,500 ፓውንድ ያገኛል። የምግብና የኪራይ ወጪ ለሠራተኛውም ስለማይቀርለት ሁለት ጊዜ ልንቆጥረው አይገባም። እንግዲያስ እውነተኛው የዲግሪው ዋጋ የትምህርት ክፍያውና የቀረው ደመወዝ ተደምረው 87,105 ፓውንድ ነው። ግብርንና ወለድን ለጊዜው ትተን ለ40 የሥራ ዓመታት ብናካፍለው፣ ዲግሪው በየዓመቱ ወደ 2,180 ፓውንድ የሚሆን ብልጫ ማምጣት አለበት ማለት ነው።

ፊዚክስ ይህን ያመጣልን? ዝቅ ካለው እንነሣ። በሴፕቴምበር 2025 ከሎንዶን ውጪ የጀማሪ መምህር ደመወዝ 32,916 ፓውንድ ነበር፤ ከዚህ ላይ የሚቀነሰው ብድር በወር 59 ፓውንድ ገደማ ነው። የፊዚክስ መምህር እጥረት ስላለም በዚያው ዓመት ለመምህርነት ሥልጠና የገባ የፊዚክስ ምሩቅ ግብር የማይነካው 29,000 ፓውንድ ድጎማ ተፈቅዶለታል። ሙሉ ጊዜውን በዝቅተኛው ክፍያ የሚሠራ አዋቂ ግን በዚያ ዓመት ወደ 23,810 ፓውንድ ያገኝ ነበር፤ ልዩነቱ ከ9,000 ይበልጣል። በሕክምና ፊዚክስ፣ በኮምፒውተርና በገንዘብ ተቋማት የሚቀጠሩም አሉ።

ሆኖም ራሳችንን አናታልል። የኤሌክትሪክ ሙያ የተማረ ሰው በዝቅተኛው ክፍያ ላይ አይቀርም፤ ስለዚህ መመዛዘን ያለብን ዲግሪ ባንይዝ በእርግጥ ልንሠራው ከምንችለው ሥራ ጋራ ነው። ኢንስቲትዩት ፎር ፊስካል ስተዲስ በ2020 ያወጣው ጥናትም ከአምስት ምሩቃን አንዱ ያህል ባይማር ኖሮ በገንዘብ ረገድ ይሻለው እንደ ነበር ገምቷል። ትምህርቱን ያቋረጠ ሰውም የተበደረው ብድር አብሮት ይወጣል። ሒሳብ እየከበደው ለስሙ ብቻ ፊዚክስ የሚገባ ሰው ይህን አስቀድሞ ሊያስብበት ይገባል።

ከዚህ የምንረዳው፣ ሚዛኑ ላይ መቀመጥ ያለበት የዕዳው ጠቅላላ ቁጥር እንዳልሆነ ነው። መቀመጥ ያለባቸው የቀረው ደመወዝ፣ ወደፊት የሚገኘው ብልጫና ትምህርቱን የመፈጸም ተስፋ ናቸው። ለወላጆቻችንም ይህ ዕዳ በሥራ ማጣት ጊዜ በር የሚያንኳኳ አበዳሪ እንደሌለው በወረቀት ላይ ጽፈን እናስረዳቸው። ፊዚክስን የሚወድና የሚችል ጓደኛችን ከደጁ ቢመለስ፣ ሒሳቡ ሳይሆን ፍርሃቱ እንዳይሆን የመለሰው።