ፍሎረንስን ያለ አስጎብኚ

ወደ ፍሎረንስ ለመሄድ የሚያስብ ኢትዮጵያዊ አንባቢ አንድ ትልቅ ስንቅ በእጁ ይዟል፤ እዚያ የሚያያቸውን አብዛኞቹን ታሪኮች ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቃቸዋል። አብርሃምና ይስሐቅ፣ ዳዊትና ጎልያድ፣ የገብርኤል ብሥራት፣ ከገነት የተባረሩት አዳምና ሔዋን፤ የከተማዋ ሠዓሊዎችና ቀራጮች ደጋግመው የሠሩት እነዚህን ነው። ስለዚህ አስጎብኚ መቅጠር ግዴታ አይደለም። ግዴታው የቀንና የሰዓት ዕቅድ ነው።

ዕቅዱን ከቀን መቁጠሪያ ይጀምሩ። ትልልቆቹ ሙዚየሞች ኡፊዚና አካዴሚያ ሰኞ ሰኞ ዝግ ናቸው፤ ቅዳሜ ገብቶ ማክሰኞ ጠዋት ለሚወጣ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የመንግሥት ሙዚየሞች በየወሩ የመጀመሪያ እሑድ በነጻ ይገባባቸዋል፤ ነገር ግን ሰልፉ ከባድ ስለሆነ፣ ጊዜ ያጠረው ሰው በሌላ ቀን ከፍሎ ቢገባ ይሻለዋል። የኡፊዚን፣ የአካዴሚያንና የካቴድራሉን ጉልላት ትኬት ከመነሳትዎ በፊት ሰዓት መርጠው በኢንተርኔት ይቁረጡ። ጉልላቱ 463 ደረጃ አለው፤ ሊፍት የለውም። ጉልበቱን የሚያመው ሰው አይሞክረው። ለአብያተ ክርስቲያናት ትከሻና ጉልበት መሸፈን ስለሚያስፈልግ ስስ ነጠላ በቦርሳዎ ይያዙ።

የምመክረው በቀን አንድ ትልቅ ሙዚየም ብቻ ነው፤ እሱም በጠዋት። ቀሪው ሰዓት ለትንንሾቹ ይቆይ። ከትንንሾቹ ደግሞ ባርጄሎን የሚያህል የለም። እ.ኤ.አ. በ1401 የፍሎረንስ የጨርቅ ነጋዴዎች ማኅበር ለመጥምቁ ዮሐንስ ቤተ ጥምቀት የነሐስ በር የሚሠራ ባለሙያ ለመምረጥ ውድድር አወጣ። የተሰጠው ርዕስ የይስሐቅ መሥዋዕት ነበር። ከተወዳዳሪዎቹ ሥራዎች የተረፉት ሁለት ሰሌዳዎች፣ የብሩኔሌስኪና የጊቤርቲ፣ ዛሬ ባርጄሎ ውስጥ ይገኛሉ፤ ሳይቸኩሉ ያስተያዩአቸው። በብሩኔሌስኪ ሥራ ቢላዋው የልጁ አንገት ደርሷል፤ መልአኩ የአብርሃምን ክንድ ጨብጦ በግድ ያስቆመዋል። በጊቤርቲ ሥራ መልአኩ ገና ከላይ እየመጣ ነው፤ አብርሃም ክንዱን ወደ ኋላ ስቧል፤ ይስሐቅ ራቁት ደረቱን ቀና አድርጎ ተንበርክኳል። ያንኑ የምናውቀውን ታሪክ አንዱ በጭንቅ፣ ሌላው በጸጥታ ነገረው። እርስዎ ዳኛ ቢሆኑ ማንን ይመርጡ ነበር? ያሸነፈው ጊቤርቲ ነው።

ከዚያ ወጥተው ጥቂት ደቂቃ በእግር ቢሄዱ የታሪኩን ቀጣይ ያገኙታል። ጊቤርቲ በኋላ የሠራቸውና በወርቅ የተለበጡት፣ "የገነት በር" የሚባሉት በሮች ከካቴድራሉ ጀርባ ባለው ሙዚየም ውስጥ ናቸው፤ ቤተ ጥምቀቱ ላይ የተገጠሙት ቅጂዎች ስለሆኑ ፎቶ ተሻምተው እዚያ አይድከሙ። የተሸነፈው ብሩኔሌስኪ ደግሞ ከ1420 እስከ 1436 የካቴድራሉን ግዙፍ ጉልላት አቆመ። ሁለቱን ሰሌዳዎች አይቶ ወደ ጉልላቱ ቀና ያለ ሰው፣ ጉልላቱን ከመውጣት ያላነሰ ነገር አግኝቷል ብዬ አምናለሁ።

አካዴሚያ የገባ ሁሉ ከ5 ሜትር በላይ ወደሚቆመው የማይክል አንጄሎ ዳዊት ይሮጣል። በመንገዱ ላይ ግራና ቀኝ የቆሙትን ያላለቁትን "እስረኞች" ግን አይለፏቸው። ለጳጳስ ዩልዮስ 2ኛ መቃብር የታሰቡ ነበሩ። ጠጋ ብለው ሲያዩ የመሮው ጭረት እብነ በረዱ ላይ እንዳለ ነው፤ ደረትና ጉልበት ወጥቶ ራስ ገና ድንጋይ ውስጥ የቀረበት አለ። ዳዊት እንዴት እንደተሠራ ከእነሱ ይማራሉ። ወደ ሳን ማርኮ ገዳም የሚሄድ ደግሞ ደረጃውን ወጥቶ ሲጨርስ የፍራ አንጄሊኮን ብሥራት ፊት ለፊት ያገኘዋል።

ለመጨረሻው ቀን የሳንታ ማሪያ ኖቬላን ቤተ ክርስቲያንና ገዳም ያስቀምጡ። በ1441፣ በዘርዓ ያዕቆብ ዘመን፣ ከኢየሩሳሌም የኢትዮጵያ ገዳም የተላኩ መነኮሳት ለቤተ ክርስቲያን ጉባኤ ፍሎረንስ ደርሰው ነበር፤ ያኔ የሮማው ጳጳስ ኤውጄንዮስ 4ኛ በከተማዋ ያረፉት በዚህ ገዳም ነው። ከእኛ ወገን ፍሎረንስን ከረገጡት ቀደምት ሰዎች መካከል ናቸውና፣ ቦታውን ሳያዩ መመለስ ያሳዝናል። ቤተ ክርስቲያኑ ከባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት ስለሆነ ሻንጣዎን ጣቢያው አስቀምጠው ይሻገሩ። መግቢያው በትኬት ነው፤ እሑድ ጠዋት ግን ሰዓቱ የጸሎት ስለሆነ ባቡርዎን ከሰዓት በኋላ ያድርጉት።