አስተማሪን ማን ያስተምረው?

በክርክር ማኅበራችን ዘንድሮ እጅግ ያጨቃጨቀን ርእስ «የአስተማሪን ችሎታ ይበልጥ የሚያሻሽለው ደመወዝ ነው ወይስ ሥልጠና?» የሚል ነበር። እኔ የቆምሁት ከሥልጠናው ወገን ነው። በድምፅ ብንሸነፍም ሳልናገረው የቀረ ነገር ስላለ እዚህ ላይ ልጽፈው ወደድሁ።

ነገሩ የጨዋታ አይደለም። በ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍልን ፈተና ከወሰዱት መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያገኙት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ። ጥፋቱ ሁሉ የአስተማሪው ነው ማለቴ ግን አይደለም።

የደመወዝ ወገኖች ማስረጃ ቀላል አልነበረም። «ከመካከላችሁ አስተማሪ ለመሆን የሚሻ እጁን ያንሣ» ቢሉ የተነሣው ሁለት እጅ ብቻ ነው (አንደኛው የእኔ ነው)። ጎበዝ ተማሪ ሁሉ ሕክምናና ምሕንድስና ሲመርጥ ለማስተማር ማን ይቀራል? አሉን። በዚህ ላይ መልስ የለኝም። የቤት ኪራይ የሚያስጨንቀው ሰው ደብተር ሲያርም አያመሽም።

ይሁን እንጂ ዐዋቂ ሁሉ አስተማሪ አይሆንም። አንድ ወጣት የፊዚክስ አስተማሪ ነበሩን። ትምህርቱን ጠንቅቀው ያውቃሉ፤ ፊታቸውን ወደ ሰሌዳው አዙረው ሲጽፉ ሰሌዳው ይሞላል፤ እኛ ግን ገና ሁለተኛው መሥመር ላይ ቀርተናል። ከኋላ ተቀምጦ ይህን የሚነግራቸው ሰው አልነበረም። እኛም ነውር መስሎን ዝም አልን።

የመጀመሪያው የአስተማሪዎች ማሠልጠኛ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1944 በዳግማዊ ምኒልክ ተማሪ ቤት ከተከፈተ ወዲህ ሥልጠናው ብዙ ጊዜ ተለዋውጧል፤ አንድ ጊዜ አሥረኛን ለጨረሰ አንድ ዓመት፥ ሌላ ጊዜ በኮሌጅ ሦስት ዓመት፥ ለሁለተኛ ደረጃም በ2000ዎቹ ዓመታት አስቀድሞ ዲግሪ፥ ከዚያ የማስተማር ዘዴ ተባለ። ክርክሩ ዘወትር ስለ ዓመቱ ብዛት ነው። በእኔ አስተያየት መጠየቅ ያለበት፥ ሠልጣኙ በልጆች ፊት ሲያስተምር ያየውና ያረመው ማን እንደ ሆነ ነው።

የቄስ ትምህርት ቤት ይህን ያውቅበታል። ፊደል የለየው ልጅ ጀማሪውን ያስቆጥራል፤ የኔታ ከዛፉ ሥር ሆነው ይሰማሉ፤ ስሕተት ሲሰሙ አስቆጣሪውንም ቆጣሪውንም ያርማሉ። (አለንጋው ይቅርብን እንጂ።)

እንግዲህ አዲስ አስተማሪ በመጀመሪያው ዓመት ግማሽ ክፍለ ጊዜ ብቻ ይያዝ፤ በቀረው ከአንድ ነባር አስተማሪ ክፍል ገብቶ ይመልከት፤ ነባሩም የእርሱን ይመልከትለት። ይህን ስናገር ከወዲያኛው ወገን አንዱ ተነሥቶ «የቀረውን ክፍለ ጊዜ ማን ያስተምር?» ሲል ጠየቀኝ፤ ልመልስለት ስል ሰብሳቢው ደወሉን መታ። መልሴ ይህ ነበር፦ ተጨማሪ አስተማሪ ይቀጠር፤ ለደመወዝ ይጨመር ካላችሁት ገንዘብ ከፊሉ ለዚህ ይዋል።