ለአራት ቀን ዱባይ የሚገባ ነጋዴ የትኛውን ካርድ ይግዛ?

ለሸመታ ወደ ዱባይ የሚሄድ ነጋዴ የአውሮፕላን ቲኬቱን፣ የአልጋውንና የካርጎውን የኪሎ ዋጋ ገና አዲስ አበባ ሳለ አስልቶ ይጨርሳል። ከገበያ ገበያ የሚያመላልሰውን የከተማ ውስጥ መጓጓዣ ግን ከሒሳብ የሚያስገባው ጥቂቱ ነው። «ታክሲ ምን አላት» ይባልና ይታለፋል። ይሁንና ከዱባይ ኤርፖርት የሚነሳ ታክሲ ቆጣሪው ገና ጎማው ሳይንቀሳቀስ 25 ድርሃም ያሳያል። ያው መንገድ እስከ ዴይራ በሜትሮ 3 ድርሃም ነው። ድርሃሙ የሚገዛው በውጭ ምንዛሪ መሆኑን ለነጋዴ መንገር አያስፈልግም፤ በቀን ሦስትና አራት ጊዜ የሚወጣ ገንዘብ ደግሞ ትንሽ ነው ተብሎ የሚናቅ አይደለም።

ሜትሮውን የሚጠቀሙትም ቢሆኑ አብዛኞቹ በመስኮቱ ያለው ሠራተኛ የሰጣቸውን ካርድ ተቀብለው ይገባሉ። ይህም አዲስ አበባ ውስጥ ለወያላው በእጅ ከፍሎ መሄድ ለለመደ ሰው የሚያስገርም አይደለም። ነገር ግን ካርዱ ራሱ ዋጋ አለው፤ በውስጡም ገንዘብ ይቀመጥበታል። የተቀመጠው ገንዘብ ደግሞ ባለቤቱ ወደ አገሩ ሲመለስ አብሮት ተቆልፎ ይመጣል። ለአጭር ጊዜ እንግዳ የካርድ ኪሳራ ያለው እዚህ ላይ ነው።

ቀዩ ወረቀትና የብሩ ካርድ

የዱባይ ሜትሮ ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2009 ሲሆን፣ «ኖል» የሚባለው የክፍያ ካርድም አብሮት ወጣ። ቃሉ በዓረብኛ የመጓጓዣ ዋጋ ማለት ነው። በዚህ ካርድ ሜትሮ፣ ትራምና የከተማ አውቶቡስ መሳፈር፣ ታክሲም መክፈል ይቻላል። ካርዱ በአራት ዓይነት ይሸጣል። ሰማያዊው የባለቤቱ ስም የተመዘገበበት ስለሆነ ለነዋሪ እንጂ ለመንገደኛ አይመችም። ወርቃማው ዋጋው በእጥፍ ሆኖ በልዩ ፉርጎ ያስቀምጣል፤ ለነጋዴ የሚጨምርለት ነገር የለም። ለአጭር ጊዜ እንግዳ የቀሩት ምርጫዎች ቀዩ የወረቀት ቲኬትና የብር ቀለም ያለው ካርድ ናቸው።

የብሩ ካርድ 25 ድርሃም ይሸጣል። ከዚህ ውስጥ 6 ድርሃሙ የካርዱ ዋጋ ነው፤ አይመለስም። 19ኙ ለጉዞ የሚያገለግል ቀሪ ሒሳብ ነው። ካርዱ ለአምስት ዓመት ይሠራል። ታሪፉ በዞን የተከፈለ ነው፤ በአንድ ዞን ውስጥ ለሚደረግ ጉዞ 3 ድርሃም፣ ወደ ጎረቤት ዞን ለሚሻገር 5፣ ከሁለት ዞን በላይ ለሚሄድ ደግሞ 7 ድርሃም ከ50 ነው።

ቀዩ ቲኬት ወረቀቱ 2 ድርሃም ነው። ጉዞው ግን በእያንዳንዱ እርከን አንድ ድርሃም ይጨምራል፤ 4፣ 6 እና 8 ከ50 ይሆናል። እስከ 10 ጉዞ ድረስ ይሞላበታል፤ የሚያገለግለውም ለ90 ቀን ነው። በአንድ ጊዜ ለአንድ ዓይነት መጓጓዣ ብቻ ስለሚሠራ ለሜትሮ የተሞላ ቲኬት አውቶቡስ አያሳፍርም።

በገበያ አካባቢ የሚሰጠው የተለመደ ምክር «ብሩን ግዛ፣ ይረክሳል» የሚል ነው። ላይ ላዩን ሲታይ ትክክል ነው። የብሩ ካርድ ከወረቀቱ በ4 ድርሃም ይበልጣል፤ በየጉዞው ግን አንድ ድርሃም ይቆጥባል። ስለዚህ በአራተኛው ጉዞ ሁለቱ እኩል ይሆናሉ፤ ከአምስተኛው ጀምሮ ብሩ ያተርፋል። ይህ ስሌት የዘነጋው ነገር ቢኖር የቀሪ ሒሳቡን ጉዳይ ነው።

የአራት ቀን ሒሳብ

በዴይራ፣ ባኒያስ አደባባይ አጠገብ አልጋ የያዘ አንድ ነጋዴን ለምሳሌ ያህል እንውሰድ። በመጀመሪያው ቀን ከኤርፖርት ወደ አልጋው ይገባል፤ 3 ድርሃም። በሁለተኛው ቀን የጨርቃ ጨርቅ ዋጋ ለመጠየቅ ወደ ቡር ዱባይ ተሻግሮ ይመለሳል፤ 10 ድርሃም። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ጀበል አሊ ድረስ ወርዶ ይመለሳል፤ 15 ድርሃም። ከሰዓት በኋላ ወርቅ ገበያው ጣቢያ ደርሶ ይመለሳል፤ 6 ድርሃም። በአራተኛው ቀን ወደ ኤርፖርት ይመለሳል፤ 3 ድርሃም። ጠቅላላው ስምንት ጉዞ፣ 37 ድርሃም ነው። የብሩ ካርድ ዋጋ 6 ሲጨመርበት 43 ይሆናል።

በቀዩ ወረቀት ያው ስምንት ጉዞ 45 ድርሃም፣ ወረቀቱ ሲጨመር 47 ይመጣል። በሦስተኛው ቀን ግን አራቱን ጉዞ በነጠላ ከመክፈል ይልቅ በ20 ድርሃም የቀን ሙሉ ቲኬት ቢወሰድ ጠቅላላው ወደ 42 ዝቅ ይላል። የቀን ሙሉው ቲኬት ሁሉንም ዞን ያዳርሳል። በነጠላ ሲከፈል በቀዩ 25 ድርሃም የሚሆነውን ቀን በ20 ይዘጋል ማለት ነው። በዴይራና በቡር ዱባይ መካከል ብቻ ለሚመላለስ ሰው ግን ቲኬቱ አያዋጣም።

እስካሁን ልዩነቱ የአንድ ድርሃም ብቻ ነው። ነገሩ የሚለወጠው በሦስተኛው ቀን ጠዋት ነው። ባለ ብሩ ካርድ ነጋዴ እስከዚያ ቀን 13 ድርሃም ተጠቅሞ 6 ይቀረዋል። በሜትሮው ደንብ መሠረት ደግሞ ለአንድ ዞን ለሚሄድ እንኳ ቢሆን ቢያንስ 7 ድርሃም ከ50 ካርዱ ላይ ከሌለ በሩ አይከፈትም። ወደ መስኮቱ ይሄዳል። እ.ኤ.አ. ከኦገስት 2024 ጀምሮ በጣቢያ መስኮት የሚሞላው ዝቅተኛ መጠን 50 ድርሃም ሆኗል። ከዚህ በፊት በዚያው ዓመት መጀመሪያ ከ5 ወደ 20 ከፍ ተደርጎ ነበር። ነጋዴው 50 ይሞላል፤ ቀሪውን 24 ድርሃም ተጉዞ 32 ድርሃም ካርዱ ላይ እንዳለ አውሮፕላን ይሳፈራል።

ከኪሱ የወጣው 75 ድርሃም ነው፤ የቀዩ ወረቀት ተጠቃሚ በ42 ጨርሷል። ደግሞ የማይመጣ ሰው ከሆነ «ርካሽ» የተባለው ካርድ 33 ድርሃም አስበልጦበታል። በየሦስት ወሩ የሚመላለስ ከሆነ ግን 32ቱ ድርሃም የሚቀጥለው ጉዞ መነሻ ነው፤ ለአምስት ዓመትም 6 ድርሃም ዳግመኛ አይከፍልም። እንግዲህ ምርጫውን የሚወስነው የታሪፉ ማነስና መብዛት ሳይሆን ሰውየው ተመልሶ መምጣት አለመምጣቱ ነው።

የብሩን ካርድ ለያዘ ሰው የ50 ድርሃሙ ግዴታ የመስኮቱ መሆኑን ማወቅ ይጠቅመዋል። በስልክ መተግበሪያ በኩል ከዚያ ያነሰ መሙላት ስለሚቻል፣ እዚያ የሚኖር ዘመድ ወይም ደንበኛ በደቂቃ ሊሞላለት ይችላል። ከላይ ባለው ምሳሌ 25 ድርሃም ብቻ ቢሞላ ይበቃው ነበር። 20 ቢሞላ ግን በመጨረሻው ቀን 5 ድርሃም ብቻ ስለሚቀረው ለ3 ድርሃም መንገድ በሩ ይዘጋበታል፤ ያውም ሻንጣ ይዞ፣ የአውሮፕላን ሰዓት ደርሶበት።

ስም ያልተጻፈበት ገንዘብ

የብሩ ካርድ የማንም ስም የለበትም። ይህ ሁለት ገጽታ አለው። በአንድ በኩል ካርዱን በሚቀጥለው ሳምንት ለሚሄድ ወንድም ወይም የሱቅ ጎረቤት ማዋስ ይቻላል፤ አምስት ሆነው በየተራ የሚጓዙ ነጋዴዎች ሁለት ካርድ ቢኖራቸው ይበቃቸዋል። በሌላ በኩል ከጠፋ በውስጡ ያለው ገንዘብ አብሮ ጠፋ ማለት ነው። ሁለት ሰዎች አብረው በሚሄዱበት ጊዜ ግን በአንድ ካርድ ተያይዞ መግባት አይቻልም፤ ለእያንዳንዱ ሰው የየራሱ ያስፈልገዋል።

ገንዘብ የሚበላው ሌላው ስህተት ሲወርዱ ካርዱን አለማስነካት ነው። በሜትሮ በሩ ራሱ ስለሚያስገድድ ችግር የለም። አውቶቡስ ላይ ግን ማንም አያስታውስም። ሲገባ አስነክቶ ሲወርድ የረሳ ሰው ለሁለት ፌርማታ ጉዞ ከፍተኛውን ዋጋ 7 ከ50 ይከፍላል። ከሜትሮ ወደ አውቶቡስ በ30 ደቂቃ ውስጥ የተሸጋገረ ሰው ጉዞው እንደ አንድ የሚቆጠርለትም ሲወርድ ካስነካ ነው። የሜትሮ ጣቢያ ወደሌለው ወደ ድራጎን ማርት ለሚሄዱት ይህ ደንብ ጠቃሚ ነው፤ ወደዚያ አካባቢ የሚዘረጋው ሰማያዊ መስመር ሥራ እንዲጀምር የታቀደው እ.ኤ.አ. በ2029 ነው።

ቅጣቱም አለ። ያለ ትክክለኛ ክፍያ የተገኘ 200 ድርሃም ይቀጣል። የሴቶችና ሕፃናት ተብሎ በተለየው የፉርጎ ክፍል የገባ ወንድ ደግሞ 100 ድርሃም ይከፍላል። ወለሉ ላይ የተሰመረውን ሮዝ መስመር ሳያዩ የሚሻገሩ መጤዎች በብዛት የሚያዙት በዚህ ነው።

ቦንዳ ይዞ ሜትሮ የለም

ለሸማች ከሁሉ በላይ የሚያሳስበው የዕቃው ነገር ነው። ሜትሮው ለአንድ ሰው የሚፈቅደው ሁለት ሻንጣ ሲሆን፣ ትልቁ ከ81 በ58 በ30 ሴንቲ ሜትር፣ ትንሹ ከ55 በ38 በ20 መብለጥ የለበትም። ቦንዳ ተሸክሞ መግባት አይታሰብም። ስለዚህ ካርዱ የሚያገለግለው ዋጋ ለማጠያየቅ፣ ናሙና ለማየትና ክፍያ ለመፈጸም ነው፤ ዕቃው ከሱቁ በቀጥታ ወደ ካርጎ ወኪሉ ቢሄድ ይሻላል። የተገዛውን አልጋ ድረስ አምጥቶ እንደገና ወደ ካርጎ የሚወስድ ነጋዴ በሜትሮ የቆጠበውን ለፒክአፕ ይከፍላል።

ሰዓቱንም ማየት ያስፈልጋል። ሜትሮው ሌሊቱን አይሠራም፤ በአብዛኛው ቀን እኩለ ሌሊት ላይ ይዘጋል፣ እሑድ ጠዋትም የሚጀምረው ሁለት ሰዓት ላይ ነው። ከኤርፖርቱ ተርሚናሎች መካከል ጣቢያ ያላቸው 1 እና 3 ብቻ ናቸው። በተርሚናል 2 የሚወርድ መንገደኛ የታክሲውን 25 ድርሃም ከወዲሁ በሒሳቡ ውስጥ ይያዝ።

ኢስታንቡልና ጓንጁ

ልብስ ለመግዛት ላሌሊና ሜርተር የሚወርዱ ነጋዴዎች የሚይዙት «ኢስታንቡልካርት» ከዱባዩ በሁለት ነገር ይለያል። አንደኛ፣ በትራሙና በአብዛኛው የሜትሮ መስመር ዋጋው በርቀት አይለያይም፤ ሲገቡ ብቻ ማስነካት ይበቃል። ሁለተኛ፣ በአንድ ካርድ ብዙ ሰው ተከታትሎ መግባት ይችላል። እዚያ ጥንቃቄ የሚያሻው በማርማራይ ባቡርና በሜትሮቡስ ነው። እነዚህ ሲገቡ የሙሉውን መስመር ዋጋ ይቆርጡና፣ ቀደም ብሎ የወረደ ሰው መውጫው አጠገብ ባለው መመለሻ ማሽን ካስነካ ትርፉን ይመልሱለታል። ማሽኑን ሳያይ የሚያልፍ እንግዳ ገንዘቡን ትቶ ይሄዳል። የሊራው ዋጋ በየጊዜው ስለሚለዋወጥ ለብዙ ቀን የሚሆን ገንዘብ አንድ ላይ ከመሙላት ይልቅ የየዕለቱን መሙላት ይመረጣል።

በጓንጁ ያለው «ያንግ ቼንግ ቶንግ» ይባላል። ሆኖም ለሳምንት የሚቆይ ሰው ካርዱ ባይኖረውም አይቸገርም። የሜትሮው ዋጋ ከ2 ዩዋን ጀምሮ በርቀት የሚጨምር ሲሆን፣ ከማሽን የሚገዛ የፕላስቲክ ሳንቲም ለአንድ ጉዞ ያገለግላል፤ ሲወጡ ማሽኑ ይውጠዋል፣ ተቆልፎ የሚቀር ገንዘብ የለም። አፍሪካውያን ነጋዴዎች የሚበዙባቸው ሻዎቤይ በ5ኛው፣ ሳንዩዋንሊ በ2ኛው መስመር ላይ ናቸው። በየመግቢያው ሻንጣ በማሽን ስለሚፈተሽ ናሙና የተሸከመ ሰው ጊዜ ጨምሮ ይነሳ።

ከጓንጁ ወደ ሆንግ ኮንግ የሚሻገር ሰው የሚያገኘው «ኦክቶፐስ» እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ የሚሠራ ሲሆን፣ በሱቅና በምግብ ቤትም ይከፈልበታል። መደበኛው ካርድ የሚወስደው 50 የሆንግ ኮንግ ዶላር መያዣ ነው። መያዣውም ሆነ ቀሪ ሒሳቡ ካርዱ ሲመለስ ይከፈላል፤ በሦስት ወር ውስጥ ከተመለሰ ግን ጥቂት የአገልግሎት ክፍያ ይቀነስለታል። ለቱሪስት ተብሎ የሚሸጠው ሌላው ካርድ ግን መያዣ የለውም፤ የተከፈለበት ዋጋም አይመለስም። ሁለቱም በኤርፖርቱ ስለሚሸጡ በመስኮቱ ላይ የትኛው እንደሆነ ጠይቆ መግዛት ያስፈልጋል።